ባለ ሁለት ፍሬኗ መኪና

መስከረም 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ሰላምታዬ ከደጃፉ ጀምሮ እስከ ጓዳው ይዳረስ። ጤናሽ እንዴት ነው? የአባባስ ጉልበት? እኔ ደህና ነኝ፤ የጎደለኝ ነገር ቢኖር የእናንተ ዓይን ብቻ ነው። ስልክ ብደውል አባባ አጠገብሽ ቆመው "ማን ነው? ማን ነው?" እያሉ እንደማያስወሩን ስለማውቅ፣ እንደለመድነው በወረቀት ይሁን ብዬ ነው።

በቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን እዚህ ሰው አገር ላለው ልጁ ጽፎለት፣ ልጁ ነገረኝ። አባባ መኪናዋን አስነስተው፣ ነዳጇ እስኪያልቅ ነድተው፣ ከከተማው ዳር መሪዋን እንደጨበጡ ተገኙ አሉ። ቤትዎ የት ነው ሲባሉ፣ እናታችን በሕይወት ሳለች የተከራየነውን ቤት ነገሩ አሉ። ይህን ከሰው አፍ መስማት አልነበረብኝም። አንቺ ባለፈው ደብዳቤሽ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ ሁለት ገጽ ስትጽፊ ስለዚህ አንዲት መስመር አልጻፍሽም።

መኪናዋ ትሸጥ፤ ያውም በጨረታ። የምሠራበትን ታውቂያለሽ፤ አሮጌ መኪኖች በሐራጅ የሚሸጡበት ግቢ ነው። ጠዋት የገቡትን እጠርጋለሁ፣ ምንጣፋቸውን አራግፋለሁ፣ የፊት መስታወታቸው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር እጽፋለሁ። አንዳንዶቹ ተጋጭተው ነው የሚመጡት። ከወንበር ስር የመነጽር ስባሪ አነሳለሁ፤ አንድ ጊዜም የሕፃን ጫማ አንስቻለሁ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። አባባ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው ዕድሜያቸውን እንዲጨርሱ አልፈልግም።

ጨረታ ጥሩ ነው የምልሽ አይቼው ነው። መኪናዋ ባለችበት ሁኔታ ትቆማለች፣ ሰው ዞር ዞር ብሎ ያያታል፣ ዋጋ ይጠራል፣ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል። "ለምን ትሸጣላችሁ?" የሚል የለም። በግል ሲሆን ግን ገዢ ቤት ድረስ ይመጣል፣ ኮፈን ይከፍታል፣ ጎማ በእግሩ ይመታል፣ እስቲ ልንዳት ይላል፣ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ይቀራል። ዋጋው በጨረታ ዝቅ ቢል ይበል። ሊብሬው እንደምታውቂው በእኔ ስም ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ሲገዟት ለግብር ይመቸኛል ብለው ይሆናል በእኔ ስም ያስመዘገቧት። ስለዚህ ውክልና እልክልሻለሁ። ለአባባ የሚያስፈልግ ነገር ካለም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

የላይኛው ጌታ ጤናህን ይስጥልኝ፣ እጅህንም አያድርቅብኝ። ደብዳቤህን ሳነብ አንዴ አፈርኩ፣ አንዴ ተናደድኩ፣ አሁን ግን ተረጋግቼ ነው የምጽፈው። እውነትህን ነው፣ መንገር ነበረብኝ። የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ቁጭ ብዬ ቀኑን ሙሉ የሰውን በሽታ በፊደል ተራ ስደረድር እውላለሁ፤ የአባባን ግን የት መደርደሪያ እንደማስገባው ጠፋኝና ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ የመኪናውን ቁልፍ አንገቴ ላይ አስሬዋለሁ። ብቻቸውን አይነዱም፤ እሱን በእኔ ይሁንብህ።

በመሸጧ እስማማለሁ። በጨረታ መሸጧን ግን አልወደድኩትም። ጨረታ ግቢ ውስጥ በሩ ከወለቀና ጎማው ከተነፈሰ ጋር ነው የምትሰለፈው። ከቀኝ ወንበር ፊት ያለችውን፣ አባባ መንዳት ሲያስተምሩ የሚረግጧትን ሁለተኛ ፍሬን ደግሞ እዚያ እንደ ጉድለት ነው የሚያዩዋት። የከተማው ሹፌር ግማሹ በዚያች ፍሬን የዳነ መሆኑን ማን ይነግራቸዋል? ዛሬም ጸጉሩ የሸበተ ሰውዬ መንገድ ላይ አስቁሟቸው "ጋሽ ፍሬን፣ አወቁኝ?" ይላቸዋል። እሳቸውም "መስታወት ማየት ትረሳለህ" ይሉታል። ማንንም ሳያውቁ እሱን ብቻ ያውቃሉ።

የኋላው መስታወት ላይ "ትሸጣለች" ብዬ በለጠፍኩ በሦስተኛው ቀን አንድ ሥጋ ሻጭ መጣ። ወፍራም ነው፣ ሆዱ መሪው ላይ ይደርሳል። እስቲ ልሞክራት ሲል አባባ ከቤት ወጡና ማንም ሳይጠራቸው ቀኝ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። "ወንበርህን አስተካክል። መስታወትህን እይ። ቀበቶ።" ሰውዬው ገዢ መሆኑን ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት፣ መኪና ውስጥ የሚያወራው አንድ ሰው ነው አሉት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሳቄን መዋጥ አቃተኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ አዞሩት። ሲወርድ ላቡን እየጠረገ፣ "ልገዛ መጥቼ ተፈትኜ ወደቅሁ" ብሎኝ ሄደ።

ያን ቀን አባባ ምሳቸውን እስከ መጨረሻው በሉ። ማታም በስሜ ጠሩኝ። ከሐምሌ ወዲህ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም ነበር፤ "አንቺ ልጅ" ነበር የሚሉኝ። ስለዚህ በግል ልሽጣት፤ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ። ለአባባ የሚያስፈልግ ካልክ፣ ሶሉ ስስ የሆነ ጫማ ላክልኝ። ወፍራም ሶል ሲሆን መርገጫው አይሰማኝም ይላሉ።

እህትህ

ኅዳር 3 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ጤናና ሰላም ከቤታችሁ አይጥፋ። ጫማውን ልኬያለሁ፤ ቁጥር አርባ ሁለት፣ ሶሉ ስስ ነው። የላክሁት ግን ለመንገድ እንጂ ለመርገጫ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ።

በስምሽ መጥራታቸውን ሳነብ አንጀቴን በላው። ቢሆንም አባባን ከገዢ ጋር መኪና ውስጥ አታስገቢያቸው። በእግራቸው የሚተማመኑት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያቺን ሁለተኛ ፍሬን ደግሞ ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም። ሰው እየነዳሁ ነው ብሎ ደስ ሲለው፣ ከስሩ ትረገጥና መኪናውም ደስታውም ባለበት ቀጥ ይላል። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሸጠች ወደ ጨረታ ትሂድ። ስንት እየተባለ እንደሆነም ጻፊልኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 29 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከረምክ? እኛ ተመስገን ነው። ጫማው ልክ ሆነላቸው፤ ቤት ውስጥም አያወልቁትም። ገዢ ሞልቷል፣ ማክሰኞና ሐሙስ ሰው ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም። አንዲት ነርስ በጣም ወዳታለች፣ አንድ ዘበኛም ጠይቋል፣ ዋጋ ላይ ትንሽ ነው የቀረን። ጣሪያውን ቆርቆሮ ሠሪው አይቶት ክረምቱን ይችላል ብሏል። ለጊዜው ምንም አትላክ። ብዙ ሥራ ስላለብኝ በዚሁ ይብቃኝ።

እህትህ

ታኅሣሥ 11 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ።

ባርኔጣ አድርጎ ዋጋ የጠየቀሽን ሰውዬ ታስታውሺዋለሽ። ደላላ ነው፤ በልብስ ሰፊው ልጅ በኩል እኔ ነኝ የላክሁት። የጠራሽለት ዋጋ አዲስ መኪና ይገዛል። ከእሱ በፊት የነበረችው "ገዢ" ደግሞ ከመኪናዋ ስትወርድ ከኋላ ወንበር መጥረጊያዋን አንስታ ነው የሄደችው። የክሊኒካችሁ ጽዳት ሠራተኛ ናት አለኝ። ዘበኛውም የእናንተ፣ ነርሷም የእናንተ። ሽማግሌ አባት ለማጅ ይዘው ሜዳ ለሜዳ እንዲዞሩ ስታደርጊ፣ እኔን እዚህ ቁጭ አድርገሽ በተስፋ ትመግቢኛለሽ። ከማንም ብጠብቅ ካንቺ አልጠብቅም ነበር።

አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም። መኪና መንዳት አልችልም። እዚህ ግቢ ስሠራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ጠርጌ፣ ቁጥር ጽፌ፣ በሩን እዘጋለሁ፤ መኪኖቹን የሚነዳቸው ሌላ ሰው ነው። ባልደረቦቼ ዓይኑ ይደክማል እያሉ ያዝኑልኛል፤ እኔም አላርማቸውም። በፈተናዬ ቀን አንቺ ልጅ ነበርሽ። ሁሉን አልፌ የቀረኝ በአቀበቱ ላይ ወደ ኋላ መንዳት ብቻ ነበር። አባባ ወደ ፈታኙ መስኮት ጠጋ ብለው፣ "አልደረሰም" አሉት። በጆሮዬ ሰማሁ። ፈታኙም ወረቀቴን አጠፈው። የሰው ልጅ ሁሉ ያሳለፉ ሰው የራሳቸውን ልጅ ጣሉት። በስድስተኛው ወር አገር ለቀቅሁ፤ ይኸው አሥራ ስድስት ዓመት ሆነኝ።

ውክልናውን ለደላላው ልኬያለሁ። ጨረታው ጥር 12 ነው። ብትቀየሚኝም ተቀየሚኝ፤ ቁልፉን ስጪው።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 27 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ዕድሜና ጤና ይስጥህ፤ ሆድህንም ያራራልኝ። ዛሬ የምዋሽህ ነገር የለኝም።

አዎ፣ ዋጋውን ከፍ ያደረግሁት እንዳትሸጥ ነው። መጀመሪያ የመጡት እውነተኛ ገዢዎች ነበሩ። ሥጋ ሻጩ፣ ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች፣ ቀጥሎ አንድ የሒሳብ መምህር። ሁሉንም አባባ አስተማሯቸው። ገዢ በመጣ ቀን ይበላሉ፣ ይላጫሉ፣ እንቅልፍም ይወስዳቸዋል። ገዢ ሳይመጣ ሳምንት ያለፈ እንደሆነ ሸሚዛቸውን ገልብጠው ለብሰው በር ላይ ይቆማሉ። ገዢ ሲያልቅብኝ ከሥራ ቦታዬ ሰው ለመንኩ። በከተማው መንገድ አይደለም፣ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ከእኛ ሌላ ያለው የወደቀ ግንብ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ዘበኛው ገጭቶታል። የጽዳት ሠራተኛዋ መሪ ነክታ የማታውቅ ሴት ናት፤ አሁን መንጃ ፈቃድ አውጥታለች። ወረቀቱን ስታሳያቸው አባባ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡትና፣ "ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፣ መስታወትሽን እይ" አሏት። አቅፋቸው አለቀሰች።

እስካሁን ያልነገርኩህ ግን ይህን ብቻ አይደለም። አባባ ሐሙስ ሐሙስ ትምህርቱ ሲያልቅ ከመኪናዋ አይወርዱም። ግራውን ወንበር እያዩ፣ "ያ ልጅ ዛሬም አልመጣም?" ይሉኛል። የትኛው ልጅ ስላቸው ሰዓታቸውን ያያሉ። ባለፈው ሐሙስ ግን ነርሷ መሪው ላይ ሳለች ራሳቸው ጀመሩት። እንደሰማሁት ልጻፍልህ፤ "አንድ ተማሪ ነበረኝ፣ አልደረሰም ብዬ ያስቀረሁት። መድረሱንማ ከሁሉም በላይ ደርሶ ነበር። ፈቃዱን ከያዘ ጥሎን ይሄዳል ብዬ ፈራሁ። ፍሬን አበዛሁበት፣ እሱም በእግሩ ሄደ።"

ነርሷ መኪናዋን አቆመች። እኔም ከኋላ ሆኜ አለቀስኩ፣ ግን ያኔ ስለ ማን እንደሆነ በደንብ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ያንተ ደብዳቤ ትናንት ሲደርሰኝ ነው። ወንድም ጋሼ፣ አባባ የሚጠብቁት አንተን ነው። የልጃቸውን ስም ረስተውታል፣ ያላለቀውን ትምህርት ግን አልረሱትም።

ደላላው ቁልፍ ከጠየቀኝ እሰጠዋለሁ፤ መኪናዋ ያንተ ናት፣ ሕጉም ካንተ ጋር ነው። የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው። ጨረታውን አስቀርና አንድ ሐሙስ ና።

እህትህ

ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ። ግቢው ውስጥ አንዲት መኪና ጠርጌ ሳበቃ ከኪሴ አውጥቼ አነበብኩት፤ ከዚያ ግራው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። የፈረቃ ኃላፊው መጥቶ መስታወቱን እስኪያንኳኳ ድረስ አልተነሳሁም።

አትሽጧት። ለደላላው ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ክሊኒካችሁ ደወልኩ፤ ይጠራል እንጂ የሚያነሳ የለም። ቤት ደወልኩ፤ ያነሱት አባባ ናቸው። ድምፃቸው አልተለወጠም። "ማን ልበል?" አሉኝ። ከዚያ "መምህሩ የሉም፤ ትምህርት ላይ ናቸው" ብለው ዘጉት። ማታም ደወልኩ፣ ያነሱት እሳቸው ናቸው፣ እንደዚያው አሉኝ።

ይህ ደብዳቤ ከጨረታው በፊት ቢደርስሽ ውክልናውን ሽሬዋለሁ በያቸው፤ የሻርኩበትን ወረቀት አብሬ ልኬያለሁ። አለቃዬ በመጋቢት አንድ ሳምንት ፈቃድ ይሰጠኛል። ሐሙስ እንደምመጣ ለአባባ ንገሪያቸው። ስለ ማን እንደሚነገር ባያውቁትም ንገሪያቸው።

ወንድምሽ

ጥር 26 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ፈጣሪ ያጽናህ፤ እኔንም ያጽናኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ጥር 21 ቀን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ አንተን ለመውቀስ አይደለም፣ እኔም ዘግይቼ ነው የጮኽሁት።

ደላላው ጥር 11 መጣ። ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ ሰጠሁት። አባባ ግን ቀድመው ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለነበር፣ ይውረዱ ብንላቸው እሺ አላሉም። ደላላውም ክፉ ሰው አይደለም፤ ይዟቸው ነዳ፣ እኔም ከኋላ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ አረሙት። በነጋታው ለጨረታው ስንሄድ ደግሞ የጽዳት ሠራተኛዋ አብራን መጣች።

ግቢው አንተ እንደምትጽፈው ነው። መኪኖቹ በረድፍ ቆመዋል፣ የኛዋ መስታወት ላይ በነጭ ቀለም 41 ተጽፏል። ያንተ እጅ የጻፈው መሰለኝና ዓይኔን መለስኩ። እዚያ መንዳት ክልክል ነው፤ ሞተሯን አስነስተው ያሰማሉ፣ ያጠፋሉ፣ በቃ። አባባ እንደገና ገብተው ቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሰዎች እየመጡ በመስኮት ያዩዋታል፣ እሳቸው ደግሞ ለእያንዳንዱ "በግራ ነው የሚገባው" ይሉታል። ማንም አልገባም። ተራዋ ሲደርስ ሐራጅ የሚጠራው ሰው ይውረዱ አላቸው። "ተማሪ እየጠበቅሁ ነው" አሉት። ሰው ሳቀ። ሁለት ዘበኞች ሊይዟቸው ሲመጡ የጽዳት ሠራተኛዋ ቀደመቻቸውና በመስኮቱ ጎንበስ ብላ፣ "መምህር፣ ሰዓቱ አልቋል" አለቻቸው። ሰዓታቸውን አዩ። የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ በሩን ከፍተው ወረዱ። የትምህርቱ ሰዓት ካለቀ አንድ ደቂቃ እንደማይጨምሩ ታውቃለህ።

ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። የገዛት መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ነው፤ በታትኖ ሊሸጣት ነው። ሁለተኛዋን ፍሬን ምን ታደርግልሃለች ብለን ብንለምነው እዚያው በመፍቻ ፈታልን። የመርገጫዋ ጎማ መሃሉ ላይ ተበልቶ ብረቱ ብቅ ብሏል።

ከዚያ በኋላ አባባ ዘጠኝ ቀን አልተናገሩም። ግድግዳ ነው የሚያዩት። ምግብ ስሰጣቸው ይጎርሳሉ፣ ካልሰጠኋቸው አይጠይቁም። በአሥረኛው ቀን ጨነቀኝና ፍሬኗን ጣውላ ላይ አስመታኋት፤ ሁለት የወጥ ቤት ወንበር ጎን ለጎን አድርጌ ጣውላውን በቀኙ ፊት አስቀመጥኩት። አልፈው ሄዱ፣ ተመለሱ፣ ቁጭ አሉ። እግራቸውን አሳረፉበት። "ቀበቶ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ትምህርት አለ። ሐሙስ ትመጣለህ ብያቸዋለሁ፤ "ማን?" አሉኝ፤ ያ ልጅ ስላቸው ሸሚዛቸውን ጠየቁኝ።

የሽያጩን ገንዘብ አልነካሁትም፤ ሙሉውን ልኬልሃለሁ። ትኬት ቁረጥበት። መኪናዋ ትንሽ መንገድም ቢሆን ታምጣህ።

እህትህ

መጋቢት 24 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

በሰላም ገብቻለሁ። ለቋጠርሽልኝ ስንቅ፣ ለሰጠሽኝ አልጋ፣ ለሁሉም እግዜር ይስጥልኝ። ስንሰነባበት "ሐሙስ ዕለት ምን ተባባላችሁ?" ብለሽኝ ዝም ማለቴ ቅር ብሎሻል። አንቺ ፊት ብናገረው አውሮፕላኑ ላይ አልወጣም ነበር። አሁን ልንገርሽ።

ረቡዕ የደረስኩ ጊዜ ቆርቆሮ ሠሪው መሰልኳቸው፤ አንቺም አየሽ። እኔ ሳቅሁ፣ አንቺ ወደ ጓዳ ገባሽ። ሐሙስ አንቺ ወደ ሥራ ከወጣሽ በኋላ ጫማቸውን አድርገው ማሰሪያው አስቸገራቸው። ተንበርክኬ አሰርኩላቸው። የላክሁት ጫማ ሶሉ በቀኝ በኩል አልቋል።

ቀና ስል አፍጥጠው እያዩኝ ነው። "ለመኪናዋ ከሆነ የመጣኸው፣ ተሸጣለች" አሉኝ።

ማን ሸጣት አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅሁ አላውቅም።

"ልጄ። የራሱ ናት፣ በስሙ ነው የገዛሁለት። ፈቃዱን ሲያወጣ ቁልፉን ልሰጠው ነበር፤ እጄ ከበደኝ።" ቀጥለውም፣ "ይሽጣት፣ ግድ የለም። ብቻ አንድ ቀን እንኳ ለራሱ ሳይነዳት መሸጡ" አሉና ተዉት። ለግብር አልነበረም፣ እህቴ። አሥራ ስድስት ዓመት የያዝኩት ቂም መሠረቱ ተናደ፣ እኔም አብሬው ወደቅሁ።

ቁጭ በል ሲሉኝ ግራው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ወንበሬን አስተካከልኩ፣ በሌለ መስታወት አየሁ፣ የሌለ ቀበቶ አሰርኩ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ከተማውን አዞሩኝ፤ የነገሩኝ መታጠፊያ ሁሉ ድሮ የነዳሁበት ነው፣ አሁን የለም። ከዚያ አቀበቱ ጋ አደረሱኝ። "አሁን ወደ ኋላ" አሉኝ። ቀኝ እጄን የእሳቸው ወንበር ጀርባ ላይ አድርጌ ዞርኩ፤ ከኋላዬ ያለው የተሰጣው ልብስሽ ነው። ፍሬኗ እስክትረገጥ ጠበቅሁ። አልተረገጠችም። ጎንበስ ብዬ ሳይ እግራቸውን ከመርገጫው አንስተው ጎኑ ላይ አስቀምጠውታል።

"ራስህ ነህ የምትነዳው፣ እኔን አትየኝ" አሉኝ።

እስከ አቀበቱ ጫፍ ወጣሁ። ጥሩ ነው አሉኝ፤ ከእሳቸው ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ልጅዎ እኔ ነኝ ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ያን ካልኩ ትምህርቱ የሚቆም፣ እግራቸውም የሚመለስ መስሎኝ ፈራሁ። አባቴ እኔን ያጡት በፍርሃት ነው፣ እኔም በዚያው በፍርሃት ዝም አልኳቸው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይላሉ፤ እኔ ግን ቁርጥ እሳቸውን ነው የወጣሁት።

አራት ሰዓት ሲሆን ሰዓታቸውን አይተው ተነሱ። "ለሚመጣው ሐሙስ፣ ሦስት ሰዓት። አትዘግይ።" እሺ አልኳቸው። አውሮፕላኔ ረቡዕ ነበር።

ሐሙስ ሐሙስ አንቺ ተቀመጪላቸው፤ የምለምንሽ ይህን ብቻ ነው።

ወንድምሽ

ሚያዝያ 15 ቀን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

በሰላም መግባትህን ሰምቼ እፎይ አልኩ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ ሦስተኛውን አልቻልኩም።

እንዳልከኝ ሐሙስ ፈቃድ ጠይቄ ቀረሁና ግራው ወንበር ላይ ልቀመጥ ስል አባባ በእጃቸው ከለከሉኝ። "ይህ ሰዓት የተያዘ ነው" አሉኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ የጽዳት ሠራተኛዋን ላክኋት፤ እሷንም እንዲሁ አሏት። ማክሰኞ የፈለገ ሰው ይቀመጥ፣ ግድ የላቸውም። ሐሙስ ግን ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ወንበሩ ባዶውን ነው። ተላጭተው፣ ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ እግራቸውን ከፍሬኗ ጎን አድርገው ይጠብቃሉ። አራት ሰዓት ሲሞላ፣ "መንገድ ይዞት ይሆናል" ይሉና ይነሳሉ።

ገንዘብም ጫማም አልጠይቅህም። የሚቀጥለውን ትኬት ስትቆርጥ ግን መመለሻውን ዓርብ አድርገው።

እህትህ